የውሃ ታንከሩ ሰዎች ሰዋስው

ጋሽ ዘሪሁን ማረፉን የነገረኝ የግቢያችን ዘበኛ ሙቱዋ ነው። ናይሮቢ መሃል ከተማ፣ በምሠራበት ፀጉር ቤት፣ የአንዲትን ሙሽራ ሹሩባ ግማሹን ጨርሼ ግማሹ እጄ ላይ እያለ ስልኬ ጮኸ። ሙቱዋ ሚስኮል አድርጎ ይዘጋል እንጂ ደውሎልኝ አያውቅም። ያን ቀን ግን አልዘጋም።

"ፖሌ፣ ማማ" አለኝ። አይዞሽ ማለቱ ነው። "ምዋሊሙ ሄዷል።"

ምዋሊሙ የሚለው መምህሩን ነው። እኔ ሞኟ "ወዴት ሄደ?" አልኩት። ሙቱዋ "ፖሌ" ብሎ ደገመልኝ። ያኔ ገባኝ።

ጠዋት ለሥራ ሊወጣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ አስገብቶ ሁለተኛውን ሳያስገባ ነው ልቡ የቆመችው። ሙቱዋ ጫማ የሚያስር መስሎት ሁለት ጊዜ ሰላም ብሎት አልፏል።

ሙሽራዋን ጨርሼ ነው የሄድኩት። ትቻት ብሮጥ ማንም አይፈርድብኝም ነበር፤ ግን ጋሽ ዘሪሁን ራሱ "የጀመሩትን ዐረፍተ ነገር አራት ነጥብ ሳያስቀምጡ ጥሎ መነሳት ብልግና ነው" የሚል ሰው ነበር። እንባዬ እየወረደ ጎነጎንኩ። ሙሽራዋም ለእሷ ደስታ ያለቀስኩ መስሏት አብራኝ አለቀሰች።

የምንኖረው ኪሌሌሽዋ በሚባል ሰፈር፣ ከአንድ ትልቅ ቤት ጀርባ፣ ድሮ የቤት ሠራተኞች ያድሩባቸው በነበሩ ሦስት ክፍሎች ውስጥ ነው። አንዱ የእኔ፣ አንዱ የሙቱዋ፣ አንዱ የጋሽ ዘሪሁንና የልጁ የሜላት። ሚስቱ ጽጌ ከደሴ አብራቸው መጥታ ዓመት ሳይሞላት ነው የሞተችው። ጋሽ ዘሪሁን አገር ቤት የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህር ነበር። ናይሮቢ የበርበሬና የቅመማ ቅመም መጋዘን ይጠብቃል፤ ቅዳሜና እሁድ የነጋዴዎቻችንን ልጆች በየቤታቸው እየዞረ አማርኛ ያስተምራል። ጠመኔ ከነካ ስንት ዓመቱ! ግን ቁም ነገር ሊናገር ሲል ጣቶቹን እርስ በርስ እያሻሸ ያራግፋቸዋል። የማይታይ ጠመኔ ሲያራግፍ ካየሁ ወሬዬን አቆማለሁ።

ጽጌ ስትሞት ሜላት ሰባት ዓመቷ ነበር። ከቀብር እንደተመለስን መናገር አቆመች። በአማርኛም፣ በእንግሊዝኛም፣ ከሰፈር ልጆች ጋር ትንጫጫበት በነበረው ስዋሂሊም አፏ ተዘጋ። ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ይመጣል። ከቤተ ክርስቲያን ጠበል ያመጡ ነበሩ፤ ጴንጤ ጎረቤቶቻችንም መጥተው እጃቸውን ጭነው ጸለዩላት። ልጅቷ ሁሉንም በትህትና ትቀበላለች፤ ጠበሉን ትጠጣለች፣ አንገቷን ለጸሎት ትደፋለች፤ ቃል ግን የለም። ስምንት ወር እንዲህ ሆነ።

ከክፍሎቻችን ጣሪያ በላይ አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ውሃ ታንከር አለ። በእኛ በኩል ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ሲመጣ ታንከሩ ሆዱ እንደታመመ ሰው ይንጎራጎራል። አንድ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ ታንከሩ ማጉረምረም ሲጀምር፣ ጋሽ ዘሪሁን በርጩማ ላይ ቆሞ ወደ ላይ እያየ "ዞፓ! ዞፓ! ቢኩ ናላ?" ብሎ ጮኸ። ከዚያም እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ መልስ ጠበቀ።

እኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ ሐዘኑ አናቱ ላይ የወጣ መሰለኝ።

ታንከሩ "ቡልቅ" አለ። እሱም በቁም ነገር ራሱን ነቀነቀና ወደ እኔ ዞሮ "ታንከሩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ደህና አድረናል ይላሉ" አለኝ። "ዞፓዎች ናቸው። ቁመታቸው እንደ ማንኪያ ነው። አማርኛ አይገባቸውም።"

ሜላት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ታንከሩን አየች፣ አባቷን አየች። ከዚያ በስምንት ወሯ፣ በጎርናና ድምፅ፣ "ቢኩ ናላ" አለች።

ጋሽ ዘሪሁን ከበርጩማው ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ግን አላቀፋት፣ አልጮኸ፣ እልልም አላለ። ብልህነቱ እዚህ ላይ ነው። ጣቶቹን አራግፎ "አነጋገርሽ ጥሩ ነው፤ 'ና' የሚለውን ትንሽ ጠበቅ አድርጊው" አላት። እኔ ግን እርጥብ አንሶላ ታቅፌ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ያ ቤት ሌላ አገር ሆነ። ማታ ማታ አባትና ልጅ ቃል ይፈጥራሉ፤ እሁድ እሁድ ሜላት ሹሩባ ልትሠራ ጉልበቴ መሃል ስትቀመጥ በምልክትና በዞፓዎቹ ቋንቋ ታስተምረኛለች፣ ሕጎቹን አባቷ በአማርኛ ይፈታልኛል። እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ያለኝ ንባብ ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ የለቀምኩት ነው። ሰዋስው የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅሁት በማንኪያ ቁመት ባላቸው ሰዎች ቋንቋ ነው ብል አልዋሸሁም።

ለመማር መጀመሪያ መማል ያስፈልጋል። ከታንከሩ ውሃ አንድ ጉንጭ ተጎንጭቶ፣ ስለ ዞፓዎች ለውጭ ሰው ላለመናገር መማል። እኔም ማልኩ፣ አባቷም ማለ።

"ሕግ አንድ" ይላል ጋሽ ዘሪሁን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ። "ድርጊቱ ከሁሉ ይቀድማል። 'በላ ድመት ሥጋ' ነው የሚባለው።"

"ለምን? እኛ መጨረሻ ላይ አይደል እንዴ የምናስቀምጠው?" እላለሁ።

"እታገኙ፣ እኛ ረጃጅሞች ነን፣ መጠበቅ እንችላለን። የእነሱ ዕድሜ አጭር ነው። ሰውየው ምን እንዳደረገ ሳይሰሙ ቢሞቱስ?"

ሁለተኛው ሕግ፣ ብዙ ሲሆን የመጀመሪያው ድምፅ ይደገማል። ወፍ ታማ ነው፣ ወፎች ታታማ። አንድ ቀን ሜላት ፀጉሯን ስጎትተው "ኦኪ!" አለችኝ፤ ቀስ ማለት ነው። ይህን ሕግ ሰምቼ ስለነበር "ኦኦኪ" አልኳት፣ ብዙ ቀስ እላለሁ ለማለት። ልጅቷ በሳቅ ሞተች። "አንቲ እታገኝ፣ ድርጊት አይደገምም! ስም ብቻ ነው!" አለችኝ። በአማርኛ! ስትስቅ ሳታስበው ነው ያመለጣት። እኔም ምንም እንዳልሰማሁ ሆኜ መጎንጎኔን ቀጠልኩ። ጋሽ ዘሪሁን ግን ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሲመለስ ፊቱን ታጥቦ ነበር።

ጥያቄ በድምፅ አይጠየቅም፤ የጆሮን ጫፍ ሳብ በማድረግ ነው። "ዞፓዎች ውሃ ውስጥ ስለሆኑ ድምፅ ሲወጣና ሲወርድ አይለዩም" ይላል። ሌላው ሕግ፣ ወንድና ሴት ብሎ መለየት የለም፤ የሚታይና የማይታይ ነው ያለው። ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ የሚታይ ነገር መጨረሻው ላይ ሚ፣ የማይታይ ሱ ይቀጠልበታል።

እዚህ ላይ ነው አፌ ያስቀየመኝ። "እንግዲያ ጽጌ በየትኛው ናት?" አልኩ። ቃሉ ከወጣ በኋላ ምላሴን ልነክሰው ፈለግሁ። ጋሽ ዘሪሁን አንገቱን ደፋ። ሜላት ግን ትንሽ አሰበችና "በሁለቱም አይደለችም" አለች። "መጨረሻዋ ሎ ይሁን። እኛ ለማናየው፣ እሱ ግን ለሚያየን።"

አባቷ ለረጅም ጊዜ ጣቶቹን አራገፈ። "ሕጉ ተሻሽሏል" አለ በመጨረሻ።

እንግዲህ ሜላት ቀስ በቀስ ለእኔ በአማርኛ፣ ለትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ፣ ለሙቱዋ በስዋሂሊ ተፈታች። ከአባቷ ጋር ግን ዞፓኛ ብቻ ነበር። ሲፈሩ፣ ሲናደዱ፣ ሲስቁ፣ ሁሉ በእሱ ነው።

ስደተኞች ስለሆኑ ወደ ሦስተኛ አገር ሊልካቸው ፋይላቸውን የሚያይ ቢሮ ነበር። ከዓመታት ጥበቃ በኋላ ለቃለ መጠይቅ ተጠሩ። ሜላት ያኔ አሥራ አንድ ሊሞላት ነው። ጋሽ ዘሪሁን ከመጋዘን በቀጥታ ስለሚመጣ ልጅቷን ያደረስኳት እኔ ነኝ፤ ሹሩባዋን ሠርቼ፣ ነጭ ካልሲ አልብሼ፣ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ እንዳትጨማደድ ጭኔ ላይ አስቀምጬ።

ኮሪደሩ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። አጠገባችን ክራባት ያሰረ የአገራችን ልጅ ነበር፤ የቢሮው አስተርጓሚ መሆኑን አላወቅንም። ሜላት እግሯን እያወዛወዘች ለአባቷ "ፊሞ ዩ" አለችው። ፈራሁ ማለት ነው። እሱም በዚያው ቋንቋ መለሰላት፤ ጣቴን ያዢ እንዳላት አውቃለሁ፣ ያዘችው። ከዚያ እየተንሾካሾኩ፣ ጆሯቸውን እየሳቡ ቀጠሉ። ፍርሃቷ ሲቀልላት ከፊቷ አየሁ።

"ጌታዬ፣ ይቅርታ፣ የምን ቋንቋ ነው?" አለ ባለ ክራባቱ።

ጋሽ ዘሪሁን ወደ ሜላት አየ። እሷም በትልልቅ ዓይኖቿ አየችው። መሐላው! እኔም አየኋቸው፣ አፌን ዘጋሁ።

"ቤታችን የምንነጋገርበት ነው" አለ ጋሽ ዘሪሁን በፈገግታ።

በቃ። ይቺ ናት። ከዚህ ሌላ የሠራው ጥፋት የለም።

ውስጥ የሆነውን በኋላ እሱ ነው የነገረኝ። አስተርጓሚው ያየውንና የሰማውን ተናገረ፤ ሥራው ነው፣ አልረግመውም። ጠያቂዋ ሴትዮ ፎርሙን አውጥታ "የቤት ቋንቋ አማርኛ ብለሃል፤ ልጅህ ግን የምታናግርህ አስተርጓሚያችን በማያውቀው ቋንቋ ነው። በእውነት ከየት አገር ነህ?" አለችው። ያኔ መሐላውን ጥሶ እውነቱን ነገራት፤ ከሚስቱ ሞት ጀምሮ፣ ታንከሩን ሳይቀር። ሴትዮዋ ወደ ሜላት ዞራ በእንግሊዝኛ "እውነት አባትሽ የፈጠረው ነው?" አለቻት።

ሜላት አልመለሰችም። አንዲት ቃል እንኳ! እንደ ያኔው ስምንት ወር አፏ ተዘጋ። ሴትዮዋም ልጅቷ እንድትዋሽ ተነግሯት የጨነቃት መሰላት። ፋይላቸው ለማጣራት በሚል ታገደ።

ሲወጡ ጋሽ ዘሪሁን ሳቅ ብሎ ነው የወጣው። ማታቱ ውስጥ ሜላት ጆሮዋን ሳበች። ጥያቄ ናት።

"የእኔ ሳንባ ነው" አላት በአማርኛ። በዞፓኛ ውሸት መናገር አልቻለም መሰለኝ። "በራጁ ላይ ነጥብ አይተዋል። እስኪጠፋ ጠብቁ አሉ። አንቺ በጣም ጎበዝ ነበርሽ።"

ራጅ የሚባል ተነስቶ አያውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መሳል ጀመረ። አዘንኩ፤ ዝንጅብል በማር አፍልቼ ወሰድኩለት። ሁለት ሳምንት ቆይቼ ነው ያስተዋልኩት። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትሆን ሰውየው አይስልም። በሩ ሲንኳኳና ቦርሳዋ ሲወድቅ ይጀምረዋል።

"አንተ ሰውዬ!" አልኩት አንድ ቀን። "ሳልህ ሰዓት ያውቃል እንዴ?"

ስቆ ሲያበቃ ጣቶቹን አራገፈ። "እታገኙ፣ ልጄ በመናገሬ አባቴን አገር አሳጣሁት ብላ ካሰበች ሁለተኛ አትናገርም። በዝምታዋ ነው ብላ ካሰበችም ራሷን ይቅር አትልም። በየት በኩል ላውጣት? ሳንባ ጥሩ ነው። ሳንባ ማንንም አያስቀይምም።"

በዚያው ሰሞን ቢሮው ማስረጃ ካለህ አምጣ አለው። ቋንቋ ፈጠራ መሆኑ በምን ይረጋገጣል? ተቀምጦ ሕጎቹን በእንግሊዝኛ ጻፈ፤ አራት ገጽ ሞላ። ዌስትላንድስ ሰፈር አንድ ሳይበር ካፌ ወሰድነውና አንዲት ኬንያዊት ወጣት ተየበችልን። ስለ ታታማ ስትደርስ ሳቀች፤ ስለ ሎ ስትደርስ ግን እጇን ከኪቦርዱ አነሳች።

"ምዋሊሙ፣ ይሄ ሕዝብ የት ነው ያለው?"

"ጣሪያ ላይ" አላት።

ወረቀቶቹን ይዘን ስንወጣ መንገዱ ዳር ቆመ። መኪናው ይጮሃል፣ ሰው እየገፋን ያልፋል። "ዛሬ ሕዝብ አሳልፌ ሰጠሁ" አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ዞሬ ሳየው ወረቀቶቹን ሰው እንዳያይበት ጃኬቱ ሥር እየከተተ ነበር። እኔም ምስክር ነኝ ብዬ ከታች ፈርሜ ነበር። ወረቀቱ ወደ ባለሙያዎች ይላካል አሉት። መልሱ አልመጣም። በየወሩ ሲጠይቅ "ፔንዲንግ ነው" ይሉታል፤ ገና በእንጥልጥል ነው ማለታቸው ነው።

ሜላት አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናት የጽጌ እህት ከካናዳ ልጅቷን ብቻ ልትወስድ የምትችልበት መንገድ ተከፈተ። የሷ ፋይል በእናቷ እህት በኩል ስለሆነ የአባቷ እገዳ አይነካውም። የሚያስፈልገው የእሱ ፊርማ ነው።

ሦስት ሳምንት ፎርሙ ትራሱ ሥር ከረመ። እኔ "አትፈርም፣ ልጅ ከአባቷ ትነጠላለች እንዴ?" ብዬ ወተወትኩት። መካሪ መስዬ፣ አያ ጅቦ! ለእኔም ልጄ ሆና ነበር፤ ለራሴ ነው የተከራከርኩት። እሱ ግን አንድ ጠዋት ፈረመ። "እዚህ የሚቆየው ፋይል የእኔ ነው" አለ። "የእሷ ዕድሜ ግን ፔንዲንግ የሚሆን አይደለም እኮ።"

አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሳለላት። ሜላት አንገቱ ላይ ተጠምጥማ "ሳንባህ ሲድን ትመጣለህ" አለችው። "ሲድን ወዲያው" አላት። ከዚያ በዞፓኛ አወሩ፤ በፍጥነት ስለሆነ ብዙው አመለጠኝ። የመስተዋቱን በር አልፋ ስትሄድ ዞራ ጆሮዋን ሳበች። ምን እንደጠየቀችው እስከ ዛሬ አላውቅም። እሱ ግን ራሱን በአዎንታ ነቀነቀላት።

መጀመሪያ በየሳምንቱ ትደውል ነበር። ስልክ ላይ ጆሮ ሲሳብ አይታይም፤ ስለዚህ ጥያቄዋ ሁሉ ለእሱ እንደ ወሬ ይሰማዋል፤ እሷ መልስ ስትጠብቅ እሱም እንድትቀጥል ይጠብቃል። በኋላ ቀፎውን በጥፍር ጠቅ ማድረግ ጥያቄ እንዲሆን ተስማሙ። አዲስ ሕግ አወጡ ብዬ ደስ አለኝ። ግን በየስልኩ ቃላቶቿ እየሳሱ ሄዱ። ድርጊቱን መጨረሻ ላይ ማድረግ ጀመረች፣ ከዚያ እንግሊዝኛ መሃል ገባ፣ ከዚያ ሁሉም እንግሊዝኛ ሆነ። እሱም በተሰባበረ እንግሊዝኛው ይመልስላታል። አንድም ቀን አላረማትም፤ ያ ሰው፣ የሱቅ ማስታወቂያ ላይ ያለ ስህተት በእስክሪብቶ የሚያርም ሰው!

"ሁለት ሰው የሚናገረውን ቋንቋ አንዱ ሲረሳው ምን ይባላል?" ብዬ ጠየቅሁት አንድ ጊዜ፣ ላጽናናው ፈልጌ ቃል ጠፍቶኝ።

"ድናለች ይባላል" አለኝ። "ያን ቋንቋ የሠራነው ለመድኃኒት ነበር። የዳነ ሰው መድኃኒቱን ይዞ አይዞርም።" ይህን ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ፤ ልጅቷ ከሄደች ወዲህ ስሎ አያውቅም ነበር፣ ያን ማታ ግን ሲስል ሰማሁት። ሳል አልነበረም።

ቀብሩ ላንጋታ መካነ መቃብር ነው የተፈጸመው። የሚያስተምራቸው ልጆች በሙሉ ከወላጆቻቸው ጋር መጥተው ነበር። ሙቱዋ አፈሩን ራሴ ካልመለስኩ ብሎ አካፋውን ለማንም አልሰጠም። ሜላት መምጣት አልቻለችም፤ ወረቀቷ ገና አልተሟላም፣ ከወጣች መመለሷ ያስፈራል ብላ አክስቷ ከለከለቻት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው።

በሦስተኛው ቀን ደወለችልኝ። ለረጅም ጊዜ ተላቀስን። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አንቲ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ግን ፕሊስ እውነቱን" አለችኝ።

"ጠይቂኝ፣ የኔ ቆንጆ።"

"ዳዲ በልቡ ነው የሞተው አሉኝ። ሳንባው ነጻ ነበር ብሎ ሐኪሙ ለአክስቴ ነግሯታል። ታዲያ ለምን ነው ያስቀሩት? ያን ቀን እኔ ኮሪደር ላይ አወራሁ። ከዚያ ሴትዮዋ ስትጠይቀኝ ዝም አልኩ። በእኔ ነው?"

 ስንት ዓመት ይዛው ኖራለች! ለአባቷ አላነሳችበትም፤ እሱም ለእሷ ሲስል ኖረ።

"አይደለም" አልኳት። "ነጥቡን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ራጁን መስኮት ላይ ዘርግቶ አሳይቶኛል፤ እዚህ ጋ፣ በግራ በኩል፣ እንደ ምስር ፍሬ ያለ ነገር። በኋላ በመድኃኒት ጠፍቶለት ነው። ሐኪሙ ነጻ ነው ቢል እውነቱን ነው። ያኔ ግን ነበረ።"

"በማርያም በይ።"

"በማርያም።"

 ከዚያ ትንፋሿ ረዘመ፤ ከባድ ዕቃ መሬት ላይ ያስቀመጠ ሰው እንደሚተነፍስ። "እሺ" አለች። "እሺ፣ አንቲ።"

ለዚህ መሐላ የሚጠይቀኝ ይጠይቀኝ፤ እሱን ከንስሐ አባቴ ጋር እጨርሰዋለሁ። ግን እውነቱ እኔ ዘንድ ብቻ ተቀብሮ እንዲቀር አልፈለግሁም። አንድ ሰው ጤነኛ ሳንባውን ለልጁ ሲል ስንት ዓመት እንዳሳለው ሰው ሊያውቅለት ይገባል። ስለዚህ ስማቸውን ለውጬ ጻፍኩት። ልጅቷ አማርኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም፤ እናቷ ፊደል ስታስቆጥራት "በ" ላይ ደርሰው ነበር ጽጌ የታመመችው፣ ከዚያ በኋላ አባቷ የሰውን ልጅ ሁሉ ሲያስተምር እሷን ቀጥይ ብሎ ሊያስገድዳት አልደፈረም። እኔም በዚህ ተማምኜ ነው የጻፍኩት። ምናልባት ከአንባቢዎቼ መካከል ይህችን ልጅ የሚያውቅ፣ እሷ ናት ብሎ የሚጠረጥር ቢኖር፣ አደራ፣ እንዳያነብላት፣ እንዳይተረጉምላትም።